የኪኒን ዛፍና የመድኃኒት ልክ

በአማርኛ የሚዋጥ እንክብል መድኃኒት ሁሉ «ኪኒን» ይባላል። ራስ ቢያም ኪኒን፣ ሆድ ቢቆርጥም ኪኒን እንላለን። ይህ ቃል ግን መጀመሪያ የአንድ መድኃኒት ብቻ ስም ነበረ፤ ይኸውም ሲንኮና ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት የሚወጣው የወባ መድኃኒት ነው። ፈረንሳዮች «ኪኒን»፣ ኢጣሊያኖች «ኪኒኖ» ይሉታል፤ የኢጣሊያ መንግሥትም በ1900 ባወጣው ሕግ «የመንግሥት ኪኒኖ» በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ እንዲሸጥ አድርጎ ነበር። ስሙ በየቤቱ ገብቶ ሲኖር ዛፉን ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርት የዛፉን ጠባይና ታሪክ፣ ከእርሱም የሚገኘውን ምክር ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙ፣ ከእነርሱም 150,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ተገምቷል። በ2024 ደግሞ ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ቀን ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። እንዲህ ያለ መከራ ሲመጣ ሰው በአጠገቡ ካለው ቅጠልና ሥር መድኃኒት መፈለጉ የሚያስነቅፍ አይደለም። ባላገሩ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይወስዳል፤ ግራዋ ጨምቆ የሚጠጣም አለ። ከዛፍ መድኃኒት መገኘቱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የምንመረምረው ጥያቄ «በዕፅዋት ውስጥ መድኃኒት አለን?» የሚል አይደለም። «በዕፅዋት ውስጥ ያለው ነገር መድኃኒት የሚሆነው በምን ያህል ልክ ነው?» የሚል ነው እንጂ።

የዛፉ አገርና ጠባይ

ሲንኮና ከቡና ጋር የአንድ ቤተሰብ ዘመድ ነው። ቅጠሎቹ እንደ ቡና ቅጠል ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይበቅላሉ፤ አበባውም መልካም መዓዛ አለው። የተፈጥሮ አገሩ በደቡብ አሜሪካ ከኮሎምቢያ እስከ ቦሊቪያ ድረስ የተዘረጋው የአንዲስ ተራራ ነው። በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ቅርፊቱን ወደ ሮማ አምጥተው ለንዳድ መድኃኒትነት አስታወቁት። በ1742 ሊኔ የተባለው የስዊድን ሊቅ ሲንኮና ብሎ የሰየመው በቺንቾን መስፍን ሚስት ስም ነው፤ ይህች እመቤት በፔሩ ታማ በቅርፊቱ ዳነች እየተባለ ይተረክ ነበርና። ኋላ የታሪክ ጸሐፊዎች ሲመረምሩት ግን ለዚህ ወሬ ማስረጃ አልተገኘለትም።

ዛፉ አመዳይ አይችልም፤ ውኃ የሚቋጥር መሬትም አይስማማውም። የሚወደው ጥልቅና ውኃ የሚያሳልፍ አፈር፣ ተዳፋት ቦታ፣ እንዲሁም በብዙ ወራት ተከፋፍሎ የሚወርድ ብዙ ዝናብ ነው። ዝናብ በሁለትና በሦስት ወር ብቻ ወርዶ በሚያቆምበት ደረቅ አገር ሲንኮናን ለመትከል መሞከር ችግኝንና ድካምን ማባከን ነው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ በአንዲት ግራም ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ ይገኛል። ስለዚህ በደቀቀ አፈር ላይ ይበተናል እንጂ በጥልቀት አይቀበርም፤ መደቡም በዳስ ጥላ ሥር ሆኖ እርጥበቱ ሳይቋረጥ ይጠበቃል። ከተተከለ በኋላ ቅርፊቱ ለመድኃኒት እስኪበቃ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በአፍሪካ በታንዛኒያ ኡሳምባራ ተራራ ላይ በአማኒ፣ እንዲሁም በኮንጎ በኪቩ አገር ተተክሏል።

በጃቫ የተገኘው ትምህርት

ሆላንዶች በ1854 የሲንኮናን ችግኝና ዘር ከአሜሪካ ወደ ጃቫ ደሴት አገቡ። ከመጡት ዓይነቶች መካከል አንዱ ፈጥኖ የሚያድግ ሆኖ ስለ ተገኘ እርሱን አባዙት፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዛፍም ተከሉ። ዛፉ ለምለም ነበረ፤ ቅርፊቱም መራራ ነበረ። ነገር ግን ቅርፊቱ በኬሚስቶች በተመረመረ ጊዜ ኪኒን የሌለው ያህል ሆኖ ተገኘ። የብዙ ዓመት ድካምና ገንዘብ በከንቱ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ የተባለ የቦሊቪያ ተወላጅ ዛፎችን በዓይነታቸው ለይቶ የሚያውቅ ስለ ነበረ፣ ከምርጦቹ ዘር ለቅሞ ለእንግሊዛዊው ነጋዴ ለቻርልስ ሌጀር ሰጠው። ዘሩ ከአገር እንዳይወጣ ተከልክሎ ስለ ነበረ ማማኒ ታስሮ ተደበደበ፤ በዚሁም ሰበብ ሞተ። ሌጀር ዘሩን በ1865 አቀረበ፤ የሆላንድ መንግሥትም አንድ ፓውንድ ያህል ገዛው። ከዚህ ዘር የበቀሉት ዛፎች ሲመረመሩ ከአንዳንዶቹ ቅርፊት እስከ መቶ 13 እጅ ኪኒን ተገኘባቸው። ሆላንዶችም ከሁሉ የበለጡትን መርጠው፣ ሥሩ ጠንካራ በሆነው በሌላው የሲንኮና ዓይነት ግንድ ላይ እየከተቡ አበዙት። በዚህ ብልሃት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከዓለም ኪኒን ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ከጃቫ ይወጣ ነበር።

ስሙ አንድ፣ ቅጠሉና ምሬቱ ተመሳሳይ በሆነ ዛፍ መካከል ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ መድኃኒቱን በዓይንና በምላስ መለየት አይቻልም። ገበሬ የእህል ዘሩን ሳያውቅ እንደማይዘራ ሁሉ የመድኃኒት ዕፅም ሳይመረመር አይታመንም።

ከቅርፊት እስከ ኪኒን

ቅርፊቱ የሚወሰደው ዛፉ ተቆርጦ ወይም ከነሥሩ ተነቅሎ ነው። ግንዱ በእንጨት መዶሻ እየተመታ ቅርፊቱ ይላቀቃል፤ ከዚያም ይደርቃል፣ ይፈጫል። በቀድሞ ዘመን ዱቄቱ በወይን ጠጅ ተበጥብጦ በግምት ይጠጣ ነበር፤ ስለዚህም አንዱ ሲድን ሌላው አይድንም ነበር። በ1820 ግን ፔለቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ቀማሚዎች ኪኒንን ከቅርፊቱ ነጥለው አወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም መድኃኒቱን በሚዛን መስጠት ቻለ።

የልክን ጥቅም በአንድ ስሌት እናስረዳ። ኪኒን ከመቶ 2 እጅ ብቻ ካለው ቅርፊት 10 ግራም ብንወስድ በውስጡ 200 ሚሊግራም ይኖራል። ከመቶ 10 እጅ ካለው ቅርፊት ግን በዚያው 10 ግራም ውስጥ 1,000 ሚሊግራም ይኖራል። ሁለቱን በአንድ ስኒ የሰፈረ ሰው አንዱን አምስት እጥፍ አጠጥቶታል ማለት ነው። ደግሞም ቅርፊቱ የሚይዘው ኪኒንን ብቻ አይደለም፤ ኪኒዲን የሚባለውን የልብ ምት የሚለውጥ ቅመምና ሌሎችንም ይይዛል።

ማርም ሲበዛ ይመራል ይባላል። ኪኒን ሲበዛ ጆሮ ይጮኻል፣ መስማት ይደክማል፣ ዓይን ይፈዛል፣ የልብ ምት ይዛባል፤ የደም ስኳርም ይወርዳል፤ ይህም ይልቁን በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ይከፋል። ሲያንስ ደግሞ ትኩሳቱ ጥቂት በረድ ይልና ቤተሰቡ ዳነ ብሎ ይዘናጋል፤ የወባው ተውሳክ ግን በደም ውስጥ ተርፎ እንደገና ይበረታል። ብርቱው ወባ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ሕፃንን ሳይውል ሳያድር ሊገድል ስለሚችል ይህ መዘናጋት ሕይወት ያስከፍላል።

ከኪኒን በኋላ የመጡት መድኃኒቶች

በ1942 ጃፓን ጃቫን በያዘች ጊዜ ለተቃዋሚዎቿ ጦር የኪኒን ምንጭ ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ኪኒንን የተካው በፋብሪካ የሚሠራው ክሎሮኪን ነበር፤ ርካሽና የተመቸ ስለ ነበረ ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት። ሆኖም በ1950ዎቹ መጨረሻ ተውሳኩ ክሎሮኪንን መልመድ ጀመረ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይም ይህ ልምድ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ።

ሁለተኛውም ታላቅ መድኃኒት እንዲሁ ከዕፅ ተገኘ። ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ሊቅ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከእኛ አሪቲና ጭቁኝ ዘመድ ከሆነው ከአርቲሚሲያ አኑዋ አርቲሚሲኒንን አወጣች፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ከዚህ የተሠራው የአርቲሱኔት መርፌ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በ5,425 ሕፃናት ላይ ከኪኒን ጋር ተወዳድሮ በ2010 ውጤቱ ታወቀ፤ በኪኒን ከታከሙት ከመቶው 10.9 ሲሞቱ በአርቲሱኔት ከታከሙት የሞቱት 8.5 ነበሩ። ስለዚህ ለብርቱ ወባ ቀዳሚው መድኃኒት አርቲሱኔት ሆነ፤ ኪኒንም እርሱ በማይገኝበት ጊዜ የሚተካው ሆኖ ቀረ።

አሁን ግን የአርቲሚሲያን ቅጠል እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣት በብዙ ቦታ ይወራል። ይህም የቅርፊቱ ታሪክ ድግግሞሽ ነው። በቅጠሉ ያለው የመድኃኒት መጠን እንደ ዘሩ፣ እንደ መሬቱና እንደ አደራረቁ ይለያያል። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ቅጠሉን በሻይም ሆነ በዱቄት ወባን ለማከምም ሆነ ለመከላከል እንዳይወሰድ መክሯል። አሪቲና ጭቁኝም ቢሆኑ የስም ዘመድ ናቸው እንጂ ያንኑ መድኃኒት ይይዛሉ ማለት አይደለም።

አደጋው ከጠጪው አልፎ ለጎረቤት ይተርፋል። በ2023 የታተመ ጥናት እንደ ገለጸው፣ በኤርትራ አርቲሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም የተውሳክ ዝርያ በ2016 ከተመረመሩት ናሙናዎች በመቶው 8.6 ሲሆን በ2019 ወደ 21 ከፍ ብሏል። ይህ ማለት መድኃኒቱ ጨርሶ ከሸፈ ማለት አይደለም። ነገር ግን መድኃኒትን እያጎደሉ መውሰድ ለተውሳኩ መልመጃ ይሆነዋል፤ የለመደውም ተውሳክ በትንኝ ተጭኖ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል።

ማሳሰቢያ

ከላይ የተባለውን በአጭሩ እንዲህ እናጠቃልላለን፤

1ኛ፤ በወባ አገር የሚኖር ወይም ከዚያ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ቢይዘው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አይዘግዩ። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚቃዥ፣ የሚያስታውክ ወይም ራሱን የሳተ ሰው በሌሊትም ቢሆን ይወሰድ።

2ኛ፤ የተሰጠው ኪኒን ትኩሳቱ ቢለቅም እስከ መጨረሻው ይዋጥ። ለሌላ ጊዜ ተብሎ አይቀመጥ፤ ለጎረቤትም አይካፈል።

3ኛ፤ በቤት ቅጠል የወሰደ ሰው ይህን ከሐኪሙ አይሸሽግ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለ፣ የወሰደውንም የደበቀ ሐኪሙን ያሳስታል።

4ኛ፤ የመድኃኒት ዕፅ ለገበያ መትከል የሚሻ ገበሬ አስቀድሞ ዘሩ ከየት እንደ መጣ፣ ቅርፊቱ ወይም ቅጠሉ በየትኛው ላቦራቶሪ እንደሚመረመር፣ ማን እንደሚገዛውም ከግብርና ሠራተኛው ጋር ይማከር። ሚሊዮን ዛፍ ተክለው መራራ እንጨት ብቻ የሰበሰቡትን ያስታውስ።

5ኛ፤ ሹማምንትና የአገር ሽማግሌዎች የአባቶችን የዕፅዋት ዕውቀት አይናቁ፤ የሚያውቁት ሰዎች ሳይሞቱ ስሙና አጠቃቀሙ ይጻፍ፤ ዛፎቹም ይጠበቁ። ሁለቱም ታላላቅ የወባ መድኃኒቶች የተገኙት ሕዝብ አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ዕፆች ነውና። ሕዝብ ያወቀውን ሊቃውንት መርምረው ልክ ሲያወጡለት መድኃኒት ይሆናል፤ ልኩ እስኪታወቅ ድረስ ግን የታመመ ልጅ መሞከሪያ አይሁን።