በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር በቀል ዛፎችን ተክሎ ስለ መመርመር

ለአገር ገዥዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ መሬቶች የሚሆን ትምህርት

ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ያለው ምድር አብዛኛው ተዳፋት ነው። ዝናሙም የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ የቀረው ወራት ለችግኝ የጥም ወራት ነው። ከዚህ የተነሣ ሰው ቶሎ የሚደርሰውን ባሕር ዛፍ ይተክላል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብዙ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ምስጥ የማይደፍረው ምሰሶ ከጽድና ከወይራ፣ ጥሩ ሳንቃም ከዋንዛ ይገኛል። ስለዚህ የትኛው ዛፍ በየትኛው ስፍራ እንደሚጸድቅ መርምሮ መትከል ያሻል።

1ኛ፤ ስለ ደብር ደን። የአገሩን ዛፍ ጠባይ ለማወቅ አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያኑን ደን መመልከት ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ከብት እንዳይገባ በታጠረው ስፍራም ቡቃያው ተሽሎ መገኘቱን አስረድተዋል። ደግሞም አብዛኛው የአገር ዛፍ ዘሩ በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን አይቆይም። እናት ዛፉ ከተቈረጠ በኋላ መሬቱ በራሱ ያበቅላል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው።

2ኛ፤ ስለ ስፍራ ምርጫ። ጽድ ለደጋውና ለወይና ደጋው ይስማማል፤ ዘሩ ግን ብዙው ባዶ ስለሚሆን አብዝቶ መዝራት ይገባል። ወይራ ድንጋያማ መሬትንና ድርቅን ይታገሣል፤ የፍሬው ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ በጥንቃቄ ሰንጥቆ መዝራት ነው። ዋንዛ ጥልቅ አፈርና እርጥበት ያለበትን የወይና ደጋ መሬት ይወዳል፤ በተራቈተ ገመገም ላይ ተክሎ ዛፉን መውቀስ አይገባም። በትግራይ በተደረገ ምርመራ ደግሞ በደደሆ ጥላ ሥር የተተከለ ወይራ በሜዳ ላይ ከተተከለው ይልቅ ጸድቆ ተገኝቷል። ስለዚህ ለመትከል ሲባል ቍጥቋጦውን ሁሉ መመንጠር ጉዳት ነው።

3ኛ፤ ስለ ምርመራው ሥርዓት። በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው መሬት ከየዓይነቱ 100 ችግኝ በአንድ ሳምንት፣ በእኩል ጕድጓድ ይተከል። ቈጠራው በተከላው ቀን ሳይሆን በጋው ሲያልቅ በግንቦት ይደረግ፤ በየዓመቱም ይደገም። ከቁመቱ ጋር ግንዱ በመሬት አጠገብ ያለው ውፍረት ይለካ፤ ጫፉን ፍየል የነጨው ችግኝ በቁመቱ ብቻ አይታወቅምና። የሞተውም ከጥም፣ ከከብት ወይም ከምስጥ የተነሣ እንደሆነ ይጻፍ።

በፍርድ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። ለምሳሌ ከአንዱ ዓይነት 20 ብቻ ተርፈው እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ቢያድጉ፣ ከሌላው ግን 80 ተርፈው 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ፣ ቁመትን ብቻ ያየ ሰው ፊተኛውን ያመሰግናል። ደን የሚሆነው ግን ሁለተኛው ነው። ደግሞ የሳንቃ ዛፍ በ2 ዓመት ፍጥነት አይፈረድም።

4ኛ፤ ስለ ሹማምንት ኀላፊነት። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በመላው ኢትዮጵያ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። የተከላ ቍጥር የሕዝቡን ትጋት ያሳያል፤ የደኑን መኖር ግን የሚያሳየው የጽድቀት ቍጥር ነው። ስለዚህ ሹም ሪፖርት ሲልክ የተተከለውንና በግንቦት የተገኘውን ጐን ለጐን ይጻፍ። የሞተውንም ለመጻፍ አይፈር፤ የተደበቀ ጥፋት በሚመጣው ክረምት ይደገማልና። ገበሬውም ለከብቱ የሚያጭደው ሣር ከተከለለው መሬት ቢሰጠው፣ ከዘበኛ ይልቅ እርሱ ራሱ ይጠብቀዋል።