ነጩ ኪኒንና ነጩ ጠመኔ
(የመድኃኒት መመርመሪያ መሣሪያዎችን መሠረተ ሐሳብ በክፍል ውስጥ ስለማስተማር)

አንድ ገበሬ በገበያ ቀን ከላላ ወጥቶ ለባለቤቱ ትኩሳት ፓራሲታሞል ገዛ እንበል። ኪኒኑ ነጭ ነው። ማሸጊያው ላይ «500 ሚሊ ግራም» ተጽፏል። ታዲያ ውስጡ በእርግጥ 500 መሆኑ በምን ይታወቃል? በዓይን አይታይ፣ በምላስ አይለይ!

ይህን የሚያረጋግጠው የፋርማሲ ባለሙያ ነው፤ የሚያረጋግጠውም በመሣሪያ ነው። ከእኛ አካባቢ ተነሥቶ ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ለመማር የሚገባ ልጅ ክሮማቶግራፊና ስፔክትሮፎቶሜትሪ የሚባሉ ትምህርቶች ይጠብቁታል። ስማቸውን ብቻ ይዞ ከሄደ ቁልፍ መጫን ይማራል እንጂ መመርመር አይማርም። ነገሩን ከሥሩ ማስያዝ የእኛ የመምህራን ፈንታ ነው። «መሣሪያ የለንም» ብለን ሥዕል ብቻ ካሳየን ግን ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ሀ. መለየት

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚኻይል ጽቬት የቅጠል ጭማቂ በካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት በተሞላ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ሲያሳልፍ አረንጓዴውና ቢጫው ቀለም እየተለያዩ ቀሩ። በ1906 እ.ኤ.አ. ዘዴውን «ክሮማቶግራፊ» አለው፤ በግሪክኛ «በቀለም መጻፍ» ማለት ነው። ይኸው ሥራ በእጃችን ባለው ጠመኔ ይሠራል።

1. ያልተቀባ ነጭ ጠመኔ ውሰድ። ከታች 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለህ በውሃ በሚለቅ ጥቁር ፓርከር ዙሪያውን አስምር።
2. ብርጭቆ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ ጨምረህ ጠመኔውን አቁም። መስመሩ ውሃው ውስጥ መግባት የለበትም።
3. ውሃው ጫፍ ሳይደርስ አውጣና በማስመሪያ ለካ።

ጥቁር የመሰለው ቀለም ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ይለያያል። ለምን? ጠመኔውን አጥብቆ የሚይዝ ቀለም ወደ ኋላ ይቀራል፤ ውሃውን የሚወድ አብሮት ይወጣል። ከመስመሩ ተነሥቶ ውሃው 6፣ ቀለሙ 3 ሳንቲ ሜትር ከሄደ 3 ለ6 ሲካፈል 0.5 ነው። አንድ ንጥረ ነገር በአንድ ዓይነት አሟሚና ንጣፍ ላይ ሁልጊዜ ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣል። ስለሆነም የተጠረጠረውን መድኃኒት ትክክለኛነቱ ከታወቀው ጎን አስቀምጦ ማወዳደር ይቻላል። በአገራችንም የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች የተጠቀሙበት «ሚኒላብ» የተባለው የምርመራ ሻንጣ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ በጠመኔ ፈንታ ስስ የሲሊካ ንጣፍ ይዟል።

ለ. መለካት

መለየት «ምንድን ነው?» ለሚለው ይመልሳል። «ስንት ነው?» ለሚለው ግን ብርሃን ያስፈልጋል። ቀጭንና ወፍራም ሻይ በብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ መስኮት አዙሩ። ወፍራሙ ብርሃኑን የበለጠ ይውጣል። የላምበርትና የቢር ሕግ የሚባለው ይኸው ነው፤ የሚዋጠው ብርሃን ልኬት ከሙሙቱ ጥንካሬና ብርሃኑ ከሚያልፍበት ውፍረት ጋር እኩል ያድጋል።

የፓራሲታሞል ሙሙት ለዓይን እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ዓይን የማያየውን 257 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጣል። በብሪታንያ የመድኃኒት መመዘኛ መጽሐፍ መሠረት 20 ኪኒኖች ተመዝነው ይፈጫሉ፤ ዱቄቱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተሟሙቶና ቀጥኖ ይለካል። የቀጠነው ሙሙት ሙሉ ከሆነ ኪኒን የሚጠበቀው ንባብ 0.536 ነው እንበል። መሣሪያው 0.429 ካነበበ፦

0.429 ÷ 0.536 = 0.80፤ 500 × 0.80 = 400 ሚሊ ግራም

የተፈቀደው ከ95 እስከ 105 በመቶ ስለሆነ ይህ ኪኒን ወድቋል።

ሐ. መሣሪያውም ይሳሳታል

አንድ ተማሪ የናሙናውን ብርጭቆ ብርሃን በሚያልፍበት ገጽ በቅባታም ጣት ያዘው እንበል። የጣቱ አሻራ ብርሃን ይጋርዳል፤ ንባቡ ከፍ ይላል። 0.429 መሆን የነበረበት 0.536 ሊመስል ይችላል። ጎዶሎው ኪኒን «ሙሉ ነው» ተብሎ አለፈ ማለት ነው! መሣሪያው አልዋሸም፤ የተሰጠውን ለካ። ስለዚህ ብርጭቆውን መጥረግ፣ በባዶ አሟሚ ዜሮ ማድረግ፣ ደግሞ መለካት ተጨማሪ ሥርዓት ሳይሆን የትምህርቱ እምብርት ነው። በጠመኔው ሙከራም ተማሪዎች ሦስቴ እንዲሠሩና ልዩነቱን እንዲጽፉ እናድርግ። ሦስቱ ቁጥሮች ካልተቀራረቡ ምክንያቱን ይፈልጉ፤ ጥሩውን ብቻ መርጠው እንዲያቀርቡ አንፍቀድ።

በአጭሩ፣ መሣሪያው ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ጥንቃቄው ግን እዚሁ ከጠመኔው ይጀምራል። ያ ገበሬ የገዛውን ነጭ ኪኒን የሚጠብቅለት ይኸው ጥንቃቄ ነው።

መልመጃ

1. መስመሩ ውሃው ውስጥ ቢነከር ምን ይሆናል?
2. ከላይ ባለው ስሌት ንባቡ 0.482 ቢሆን ኪኒኑ ስንት ሚሊ ግራም ይዟል? ያልፋል ወይስ ይወድቃል?
3. የጣት አሻራው የተገኘው ዜሮ በተደረገበት የባዶ አሟሚ ብርጭቆ ላይ ቢሆንስ ንባቡ ወዴት ያዘነብላል?