የሕይወት ታሪክ አጻጻፍና የግስ ምርጫ

የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ የሠራውን አታሳንሱበት፤ ያልሠራውንም አትጨምሩለት። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ አንድ ግስ ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ለግሶቹ ትኩረት በመስጠት አንብቡ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ምንባብ፦ ማን ሬይ

ማን ሬይ በ1890 በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ ከልብስ ሰፊ አባት ተወለደ። የቀድሞ ስሙ ኢማኑኤል ራድኒትስኪ ነበር። ዝንባሌው ሥዕል ስለ ነበረ ካሜራ የገዛው ሥዕሎቹን ፎቶግራፍ ለማንሣት ነው። በ1921 ወደ ፓሪስ ሄዶ ነባሩን የጥበብ ሥርዐት ከሚቃወሙ ሠዓልያንና ባለቅኔዎች ጋር ተወዳጀ፤ ኑሮውንም የሰዎችን ፎቶግራፍ በማንሣት ገፋ።

በ1963 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፣ አንድ ሌሊት ፎቶግራፍ ሲያጥብ ብርሃን ያልነካው ወረቀት በስሕተት ከማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ገባ። በወረቀቱ መባከን እየተቈጨ ሳለ ትንንሽ የመስተዋት ዕቃዎችና የሙቀት መለኪያ ላዩ ላይ አስቀምጦ መብራት አበራ። ወረቀቱ ጠቈረ፤ ዕቃዎቹ ያረፉበት ቦታ ግን ነጣ። ያለ ካሜራ የተገኘውን ይህን ምስል «ራዮግራፍ» አለው፤ በ1922ም ዐሥራ ሁለት ራዮግራፎች የያዘ አልበም አወጣ። በ1923 ዘዴውን ወደ ሲኒማ ወሰደው፤ ለመጀመሪያው አጭር ፊልሙ በፊልም ጥቅል ላይ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ ብርሃን አበራበት። በ1940 ጦርነቱ ወደ አሜሪካ መለሰው፤ በ1951 እንደገና ፓሪስ ገብቶ በ1976 በዚያው ሞተ።

ለ. ማብራሪያ

አንድ ተማሪ «ማን ሬይ ያለ ካሜራ ምስል ማንሣትን ፈለሰፈ» ብሎ ቢጽፍ ዐረፍተ ነገሩ የሰዋስው ጕድለት የለበትም፤ እውነት ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1830ዎቹ ቅጠልና ዳንቴል በወረቀት ላይ አሳርፎ በፀሐይ ብርሃን ምስላቸውን አንሥቶ ነበር። ጀርመናዊው ክርስቲያን ሻድም በ1919 ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ «ፈለሰፈ» የሚለው ግስ አንዱን ለማክበር የሌሎቹን ድካም ይነጥቃል። «በአጋጣሚ አገኘ»፣ «አዳበረ»፣ «ወደ ሲኒማ ወሰደ» ብንል ግን ለሁሉም የሚገባውን እንሰጣለን።

«እንደ ተረከው» የሚለውንም ልብ በሉ። ይህን ብናስወግደው የባለ ታሪኩ የራሱ ቃል የተረጋገጠ ነገር ይመስላል።

ሐ. መልመጃ

1. «ፈለሰፈ»፣ «አገኘ» እና «አዳበረ» በሚሉት ግሶች ልዩነታቸውን የሚያሳዩ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች መሥርቱ።
2. በአካባቢያችሁ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ጠይቃችሁ የሕይወት ታሪካቸውን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። እርሳቸው የነገሯችሁን ከሌላ ሰው ካረጋገጣችሁት ለይታችሁ አሳዩ።