ቱርቦ ለትንሽ መኪና፤ አየር ሲጨመር ቤንዚኑ እንዴት ይከተላል?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ሞተር ሲጽፉ ማየት ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። «ግጥምና ታሪክ አንሶባቸው ነው ወይ ጋራዥ የገቡት?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ዕውቀት በፋኩልቲ አጥር አትታገድም። ደግሞም ከጓደኞቻችን መካከል ገንዘብ አዋጥተው ያረጀች ትንሽ መኪና የገዙ፣ ገዝተውም ቱርቦ ሊገጥሙባት የሚያስቡ አሉ። ያ ገንዘብ ወላጅ በሬ ሸጦ የላከው ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በአንድ ቀን ቢቀልጥ የሚተካው የለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን፣ ሒሳቡንም ሳንሸሽ፣ በሚገባን ቋንቋ ለማስረዳት ተነሥተናል።

በመጀመሪያ ቱርቦ ምንድን ነው? ከሞተር የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ከተርባይኑ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ሌላው ተሽከርካሪ ደግሞ አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ አምቆ ያስገባል። ይህን አሳብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ፓተንት ያስወጣለት አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው። ነገሩን ለመረዳት የአንጥረኛን ወናፍ ማሰብ ይበቃል። ወናፍ እሳቱን ያግለዋል እንጂ ከሰል አይሆንም። ወናፉን የሚያበረታ ሰው ከሰሉንም መጨመር አለበት። ቱርቦም እንዲሁ አየር ይሰጣል እንጂ ቤንዚን አይሰጥም። የጽሑፋችን ጉዳይ በሙሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል። ቱርቦ በሙሉ ኀይሉ በሚገፋበት ጊዜ ግን ድብልቁ ከዚህ መወፈር አለበት፤ ብዙ መካኒኮች ለ1 ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎ ገደማ አየር ይመርጣሉ። ትርፉ ቤንዚን በከንቱ የሚባክን አይደለም። በሲሊንደሩ ውስጥ ሲተንን ሙቀት ይወስዳል፤ ድብልቁም ካለጊዜው እንዳይፈነዳ ይረዳል። ድብልቁ ከቀጠነ ግን ከካንዴላው እሳት በኋላ ገና ያልተቃጠለው ክፍል በራሱ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ሞተሩ ውስጥ በመዶሻ የሚመታ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ሹፌሩ ይህን ድምፅ ሰምቶ እግሩን ካላነሣ ፒስተኑ ሊበሳ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። በሙሉ ጭነት ላይ ያለ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ቤንዚን ይጠጣል። ቱርቦ የተገጠመለት፣ ድብልቁም የወፈረለት ሞተር ደግሞ 6 ገደማ ይጠጣል። ባለ 60 የፈረስ ጉልበት የሆነች መኪና አለችን እንበል፤ በደቂቃ 300 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይበቃታል። ቱርቦ ገጥመን ወደ 90 ብናደርሳት 540 ያስፈልጋታል። ጉልበቱ በግማሽ ሲጨምር ቤንዚኑ ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆነ ማለት ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

ሞተሩ አራት ኢንጀክተር ካለው 540ው ለአራት ተካፍሎ ለእያንዳንዱ 135 ይደርሰዋል። ኢንጀክተር ግን ያለ ዕረፍት ተከፍቶ እንዲቆይ አይፈለግም፤ ከጊዜው 80 በመቶ ያህል ብቻ ተከፍቶ ቢሠራ መልካም ነው። ስለዚህ 135ን ለ0.8 ስናካፍል በደቂቃ 170 ገደማ የሚያሳልፍ ኢንጀክተር እንፈልጋለን። በመጀመሪያው ሞተር ላይ ግን 95 ገደማ የሚያሳልፍ ይበቃ ነበር።

«ኢንጀክተሩን ከመለወጥ የቤንዚኑን ግፊት ከፍ ብናደርግስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ተስፋ አይሰጥም። በአንድ ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን የሚያድገው በግፊቱ ልክ ሳይሆን በግፊቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ግፊቱን ከ3 ባር ወደ 4 ባር ብናደርስ የምናገኘው ጭማሪ 15 በመቶ ብቻ ነው። የምንፈልገው ግን 80 በመቶ ነበር። በተጨማሪም ግፊቱ ከፍ ባለ መጠን ፖምፓው የሚያደርሰው ቤንዚን እያነሰ ይሄዳል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው ከውጭው አየር አንጻር 3 ባር ቢጠብቅ፣ ቱርቦው ደግሞ በማስገቢያው ቧንቧ ውስጥ 0.5 ባር ቢገፋ፣ ቤንዚኑን የሚያስወጣው ልዩነት 2.5 ባር ብቻ ይሆናል። በዚህም የሚረጨው ቤንዚን 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ያውም ሞተሩ አብልጦ በሚፈልግበት ሰዓት! ስለዚህ መቆጣጠሪያው በቀጭን ቱቦ ከማስገቢያው ቧንቧ ጋር መገናኘት አለበት። ያን ጊዜ ቱርቦው በገፋ ቁጥር የቤንዚኑም ግፊት እኩል ይጨምራል።

ካርቡራተር ባላት መኪና ላይ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ካርቡራተሩን ከቱርቦው በፊት ማስቀመጥ ነው፤ ይህም አየርና ቤንዚኑ ተደባልቀው በቱርቦው ውስጥ ያልፋሉ ማለት ነው። ሁለተኛው ከቱርቦው በኋላ ማድረግ ነው። በሁለተኛው መንገድ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ጎድጓዳ ክፍልም በቱርቦው ግፊት ሥር መግባት አለባት። ተራው ፖምፓ የሚሰጠው ግፊት 0.25 ባር ቢሆንና በዚያች ክፍል ውስጥ 0.5 ባር ቢኖር፣ ቤንዚኑ መግባቱ ቀርቶ ክፍሏ ባዶ ትሆናለች። ስለዚህ ፖምፓው የቱርቦውን ግፊትና ከዚያ በላይ ጥቂት ትርፍ ሊሰጥ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ለየትኛውም አገር ሰው የሚሆን ነው። ለእኛ ግን የተለየ ነገር አለ፤ ይኸውም ተራራችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ተቀመጠች የአየሯ ግፊት 0.76 ባር ያህል ብቻ ነው። ቱርቦው ከውጭው አየር በላይ 0.5 ባር እንዲገፋ ቢስተካከል በአዲስ አበባ ጠቅላላው 1.26 ባር ይሆናል። ያችው መኪና ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ስትደርስ 1.5 ባር ታገኛለች። ስለዚህ ምንም ነገር ሳይነካ ግፊቱ 19 በመቶ ያህል ጨመረ። ካርቡራተሯ ለደጋው ቀጭን አየር ተብሎ በጠበበ ቀዳዳ ተስተካክሎ ከሆነ በቆላው ወፍራም አየር ቤንዚኑ ያንሳታል። እንጦጦ ሥር በሰላም የምትሄድ መኪና ወደ ድሬዳዋ ስትወርድ ፒስተኗን ልታቀልጥ የምትችለው ስለዚህ ነው።

ኮምፒዩተር ያላቸው መኪኖች የአየሩን ግፊት በመለኪያ ስለሚያነቡ ይህን ችግር በብዛት ያስተካክላሉ። ሆኖም ቱርቦ በሌለው መኪና ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ1 ባር እምብዛም አያልፍም። ከዚያ በላይ ያለውን ግፊት ኮምፒዩተሩ አያየውም፤ ያላየውንም አየር በቤንዚን ሊያካክሰው አይችልም። ስለዚህ መለኪያውም፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሠንጠረዥም መለወጥ ይኖርባቸዋል።

ትላልቅ ፋብሪካዎችም በዚህ ጉዳይ ተቸግረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 የወጣችው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ድብልቁ ካለጊዜው እንዳይፈነዳ የተጣራ ውሃና ሜታኖል የተደባለቀበት ፈሳሽ ይረጭላት ነበር። ፈሳሹ ሲያልቅ የቱርቦው ግፊት እንዲቀንስ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ብዙ ባለ መኪኖች ፈሳሹን መሙላት እየተዉ ስላስቸገሩ መኪናዋ ከ1963 በኋላ አልቀጠለችም። በ1977 የቀረበችው ሳብ 99 ቱርቦ ግን ቤንዚኗን በኢንጀክሽን ታገኝ ነበር፤ ብዙ ሰውም ተቀበላት። ከሁለቱ ታሪክ የምንማረው፣ ቱርቦን የሚያኖረው ባለ መኪናው በየቀኑ ሊያሟላው የሚችል የቤንዚን ሥርዓት መሆኑን ነው።

እንግዲህ የሥራውን ቅደም ተከተል ባጭሩ እንናገር። አንደኛ፣ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ በየሲሊንደሩ ይለካ። ሁለተኛ፣ ፖምፓው፣ ማጣሪያውና ቱቦው የሚፈለገውን ቤንዚን በሚፈለገው ግፊት ማድረሳቸው ይረጋገጥ። ሦስተኛ፣ ኢንጀክተሩ ወይም ካርቡራተሩ በሒሳብ ይመረጥ። አራተኛ፣ በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ የድብልቁን ልክ የሚያሳይ የኦክሲጅን መለኪያ ይተከል። አምስተኛ፣ ቱርቦው በአነስተኛ ግፊት ይጀመር፤ መለኪያው ቀጭን ድብልቅ ካሳየ ወዲያው ይቁም። ስድስተኛ፣ ጉልበቷ የጨመረ መኪና ፍሬኗና ጎማዋም ሊመረመሩ ይገባል፤ በመንገድ ላይ ሌሎች ሰዎችም አሉና።

ብዙ ጊዜ የምናየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቱርቦው ዛሬ ይገዛል፤ የቤንዚኑ ነገር «ነገ ይታሰብበታል» ይባላል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ገንዘብ የጠበበው ጓደኛችን ቱርቦውን ለመጨረሻ አቆይቶ ከፖምፓው ቢጀምር ጥቂት ወራት ይዘገይ ይሆናል፤ ሞተሩና የወላጆቹ ገንዘብ ግን ይተርፉለታል።