ምዕራፍ ስድስት፦ የወተት ጫፍ የሚሠራው ላሟ ሳትወልድ ነው

ላም ገዢ ሁሉ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፦ «በቀን ስንት ትታለባለች?» ሻጩ የሚጠራው ቁጥር ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም፤ የአንድ ሰሞን እውነት ነው። የሆልስታይን ደም ያላት ዲቃላ ላም ከወለደች በኋላ ወተቷ እየጨመረ ሄዶ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ እስክትነጥፍ ይወርዳል። ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከዚያ ጫፍ ስለሆነ፣ ጫፏ ዝቅ ያለ ላም ዓመቱን ሙሉ ዝቅ እንዳለች ትከርማለች። በሙያው የተለመደው ስሌት፣ በጫፉ ላይ የተጨመረች አንዲት ሊትር በ305 ቀን የመታለቢያ ጊዜ ወደ 200 ሊትር ታስገኛለች የሚል ነው።

ችግሩ ሆዷ ነው። ወተቷ ጫፍ ሲነካ የመብላት አቅሟ ገና ነው፤ በደንብ መብላት የምትችለው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ላይ ነው። እስከዚያ ከገዛ ሥጋዋ እየነቀለች ትታለባለች። ስለዚህ ስትወልድ የሚነቀል ሥጋ ሊኖራት ይገባል፤ ግን ሲበዛም አደጋ ነው። ጎድኖቿ ከሩቅ የማይቆጠሩ፣ በእጅ ሲዳሰሱ ግን የሚገኙ ይሁኑ። ከመጠን በላይ የወፈረች ላም ከወለደች በኋላ መኖ ትጠላለች፣ ስቡም ጉበቷን ያውካል።

ከመውለዷ 60 ቀን ቀደም ብለው ማለብዎን ያቁሙ። የመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት ሲገቡ ፉርሽካና ፋጉሎ በጥቂት በጥቂቱ ያስለምዷት፤ ለወተት የሚሆነውን መኖ ሆዷ ቀድሞ ይወቀው። ከወለደች በኋላም ጭማሪው በቀን ከግማሽ ኪሎ አይለፍ። ድርቆሹን አስቀድመው፣ ድብልቁን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከፍለው ይስጡ። «ወልዳለችና ትጠገን» ብሎ ባልዲ ሙሉ ፉርሽካ በአንዴ መድፋት ሆዷን ያጎመዝዛል፤ ደግ አሳቢዎች የሚያመጡት በሽታ ነው። ሻጋታ የያዘ ፋጉሎ በርካሽ ቢገኝም አይግዙ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም።

በከተማ ጓሮ ከመኖም በላይ የሚጎድለው ግን ውሃ ይመስለኛል። አንድ ሊትር ወተት ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይጠይቃል። 15 ሊትር የምትታለብ ላም ጠዋትና ማታ ሁለት ባልዲ ቀርቦላት «መኖ ጨመርኩ፣ ወተት አልጨመረም» የሚል አርቢ፣ ገንዘቡን ከገንዳው አጠገብ እየጣለ ነው።

በወለደች በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጆሮዋ ከቀዘቀዘ፣ ከተንገዳገደች ወይም አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ከተኛች የካልሲየም እጥረት ይጠርጥሩና የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። በአፏ ምንም አይጋቱ፤ መዋጥ ስለሚያቅታት ወደ ሳንባዋ ይገባል። የግት በሽታን ደግሞ ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ነገር ላይ አልቦ በማየት ቶሎ ይደርሱበታል፤ የታመመችዋን መጨረሻ ላይ ይለቧት።

አሁን ወደ እኛው አገር ጉዳይ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወተት ገዢ ይቀንሳል፤ አርቢውም መኖ ይቀንሳል። ለመንጠፍ ለተቃረበች ላም ይህ ብዙም አይጎዳም። ጫፍ ላይ ላለችው ግን ኪሳራው ከጾሙ ጋር አይፈታም፤ በግቷ የወረደው ወተት ለፋሲካ ተብሎ ወደ ቦታው አይመለስም። ሥጋዋ ስለሚያልቅም ኮርማ መፈለጓ ይዘገያል፣ የሚቀጥለው ጥጃም አብሮ ይዘገያል። መኖውን ሳይነኩ ትርፉን ወተት ወደ ቅቤ መለወጥ ይሻላል።

ከዚህም የሚሻለው መውለጃዋን ማቀድ ነው። ላም የምታረግዘው ወደ 280 ቀን ነው። በግንቦት ማብቂያ የተዳቀለች ላም በመጋቢት መጀመሪያ ትወልዳለች፤ በጾሙ ውስጥ እንገሩን ጥጃው ይጠባዋል፣ ወተቷ ሲያድግ ፋሲካ ይደርሳል። ዕዳው የመኖው ነው፦ ወሩ በጋ ነውና እርጥብ ሣር አይገኝም፤ ድርቆሹን በጥቅምትና በኅዳር፣ ገና ከማሳው እየታጨደ ዋጋው ሳይሰቀል፣ ገዝተው መከመር ይኖርብዎታል።