ብረትን ለሚበሉ ኬሚካሎች የፍሎሮፖሊመር ቧንቧ አመራረጥ፦ ከተስማሚነት ሠንጠረዥ ባሻገር

መግቢያ

ሰልፈሪክ አሲድ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በበርካታ ኢንዱስትሪዎች የዕለት ተዕለት ግብዓቶች ናቸው። በኢትዮጵያ የአዋሽ መልካሳው ፋብሪካ ሰልፈሪክ አሲድና አሉሚኒየም ሰልፌት ለማምረት የተቋቋመ ነው፤ የቆዳ ፋብሪካዎች አሲድን፣ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ደግሞ ኮስቲክ ሶዳን በስፋት ይጠቀማሉ። እነዚህ ፈሳሾች የሚተላለፉባቸው ቧንቧዎች ሲበሳሱ የሚከተለው ጉዳት የምርት መቋረጥ ብቻ አይደለም፤ በአቅራቢያ የሚሠራው ሰው አካልና ሕይወትም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ከሚቀርቡት አማራጮች መካከል የፍሎሮፖሊመር ቧንቧዎች ቀዳሚውን ስፍራ ይዘዋል። ሆኖም ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚከናወነው አምራቾች የሚያወጡትን የኬሚካል ተስማሚነት ሠንጠረዥ በማየት ብቻ ነው። ሠንጠረዡ በአብዛኛው የሚመሠረተው ትንሽ የፕላስቲክ ናሙና በአንድ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ በሚደረግ ሙከራ ላይ ነው። ቧንቧው ግን ግፊት፣ ውጥረት፣ የሙቀት መዋዠቅና የጽዳት ፈሳሽ እየተፈራረቁበት ለዓመታት ያገለግላል። ይህ ጽሑፍ በሠንጠረዡና በቧንቧው መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ሊነሡ የሚገባቸውን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ያቀርባል።

የፍሎሮፖሊመር ቤተሰብ

የቤተሰቡ ጥንታዊ አባል የሆነው ፒቲኤፍኢ በ1938 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ በሮይ ፕላንኬት አማካይነት በአጋጣሚ ተገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ የተባለውን እጅግ አጥቂ ጋዝ ለሚያስተናግዱ መሣሪያዎች ማሸጊያነት ውሏል። የጥንካሬው ምንጭ በካርቦንና በፍሎሪን መካከል ያለው ትስስር ሲሆን፣ ጉልበቱ በሞል ወደ 485 ኪሎ ጁል ይደርሳል። ከዚህም በላይ የፍሎሪን አቶሞች የካርቦኑን ሰንሰለት እንደ ልብስ ስለሚሸፍኑት አጥቂው ኬሚካል ወደ ሰንሰለቱ አይደርስም።

ይሁን እንጂ ይህ ሙሉ ሽፋን ያላቸው ፒቲኤፍኢ፣ ፒኤፍኤ እና ኤፍኢፒ ብቻ ናቸው። ፒቲኤፍኢ እና ፒኤፍኤ እስከ 260፣ ኤፍኢፒ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያገለግላሉ። ፒቲኤፍኢ 327 ዲግሪ ላይ ቢቀልጥም ቅላጩ እጅግ ወፍራም ስለሆነ እንደ ሌሎች ፕላስቲኮች ቀልጦ ሊቀረጽ አይችልም፤ ዱቄቱ ከቅባት ጋር ተለውሶ በግፊት በቅርጽ ማውጫ እንዲያልፍ ከተደረገ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ይጋገራል። ፒኤፍኤ እና ኤፍኢፒ ግን ቀልጠው ይቀረጻሉ። ሁለተኛው ምድብ ፒቪዲኤፍ፣ ኢቲኤፍኢ እና ኢሲቲኤፍኢ ሲሆኑ በሰንሰለታቸው ላይ ሃይድሮጅንም አለ። እነዚህ ይበልጥ ግትርና ጠንካራ በመሆናቸው፣ በተለይ ፒቪዲኤፍ፣ ያለ ብረት ድጋፍ ራሱን የቻለ ቧንቧ መሆን ይችላሉ። ለዚህ ጥቅም የሚከፈለው ዋጋ የኬሚካል ተቋቋሚነት መቀነስ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ኬሚካላዊ ጥቃት

ሙሉ ፍሎሪን ያላቸውን ፖሊመሮች በእርግጥ የሚያጠቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነዚህም የቀለጡ አልካሊ ብረቶችና በከፍተኛ ሙቀት ያለ የፍሎሪን ጋዝ ይጠቀሳሉ። የፒቪዲኤፍ ሁኔታ ግን የተለየ ነው። አሲዶችን፣ ክሎሪንንና ብሮሚንን በሚገባ ቢቋቋምም ጠንካራ ቤዞች ከሰንሰለቱ ሃይድሮጅንና ፍሎሪንን በጥንድ ይነጥቁታል። በውጤቱም ፕላስቲኩ ወደ ቡናማ ከዚያም ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ውጥረት ባለበት ስፍራም ይሰነጠቃል። አሚኖች ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ፤ እንደ አሴቶን ያሉ ኬቶኖች ደግሞ ያሳብጡታል።

ከዚህ የሚመነጨው ስሕተት በቀላሉ አይታይም። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በረኪና፣ የክሎሪን ውሕድ በመሆኑ ለፒቪዲኤፍ የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን በማከማቻ እንዳይበላሽ ትርፍ ኮስቲክ ሶዳ ስለሚጨመርበት ፒኤች መጠኑ ከ12 ሊበልጥ ይችላል፤ የሚሰነጥቀው ክሎሪኑ ሳይሆን ይኸው ትርፍ ሶዳ ነው። እንደዚሁም ለአሲድ የተመረጠ መስመር በየሳምንቱ በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ የሚታጠብ ከሆነ የቧንቧውን ዕድሜ የሚወስነው የሚያጓጉዘው አሲድ ሳይሆን አጣቢው ነው። ስለዚህ በምርጫ ዝርዝር ላይ ሊሰፍር የሚገባው ዋናው ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ማንኛውም ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ስርገት

ፒቲኤፍኢ፣ ፒኤፍኤ እና ኤፍኢፒ ብዙውን ጊዜ በብረት ቧንቧ ውስጥ እንደ ገበር ሆነው ያገለግላሉ፤ ብረቱ ግፊቱን ይሸከማል፣ ገበሩ ብረቱን ከኬሚካሉ ይጠብቃል። ገበሩ በኬሚካሉ ባይጠቃም የኬሚካሉ ሞለኪውሎች በፖሊመሩ ክሪስታል ባልሆነው ክፍል በኩል ቀስ እያሉ ሊሰርጉ ይችላሉ። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሰርጎ ያለፈው ጋዝ ከገበሩ ጀርባ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ እንደገና አሲድ ሆኖ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ገበሩ እንደ አዲስ እያንጸባረቀ ብረቱ ሊሳሳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የስርገቱ መጠን ከገበሩ ውፍረት ጋር በተቃራኒው ይሄዳል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ስርገቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሙቀት ግን ስርገቱን በፍጥነት ያሳድገዋል። በመሆኑም ሙቅና ተናኝ አሲድ በሚያልፍበት መስመር ቀጭን ገበር መግዛት ቁጠባ አይደለም። ሰርጎ የሚገባው ጋዝ እንዲወጣም በብረቱ ላይ ትንንሽ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ይበጃሉ። እነዚህ ቀዳዳዎች በቀለም ወይም በሙቀት መከላከያ ሽፋን ከተደፈኑ ጋዙ ገበሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ክፍት ሲሆኑ ደግሞ ከቀዳዳው የሚወጣ ፈሳሽ ገበሩ እንደተቀደደ ቀድሞ ያስጠነቅቃል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ሙቀትና ቫኪዩም

ፒቪዲኤፍ በአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ በየሜትሩ ወደ 0.12 ሚሊ ሜትር ሲለጠጥ ብረት ወደ 0.012 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለጠጣል። በዚህ ስሌት 10 ሜትር የሚረዝም የፒቪዲኤፍ ቧንቧ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 60 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ተመሳሳይ የብረት ቧንቧ ግን 6 ሚሊ ሜትር ብቻ። መስመሩ የመለጠጫ ማጠፊያ ከሌለው ወይም ድጋፎቹ እንቅስቃሴውን ከከለከሉት ውጥረቱ በመገጣጠሚያዎች ላይ ይከማቻል።

ቫኪዩም በፓምፕ ብቻ የሚፈጠር ነገር አይደለም። በእንፋሎት የታጠበ መስመር ቫልቮቹ ተዘግተው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውኃነት ተለውጦ ውስጡ ባዶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከብረቱ ጋር ያልተጣበቀው ገበር ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። ስለሆነም የገበሩ የቫኪዩም አቅም መጠየቅ ያለበት በከፍተኛው የሥራ ሙቀትና በተወሰነው የቧንቧ ስፋት ነው፤ ቧንቧው ሲሰፋም ሙቀቱ ሲጨምርም አቅሙ ይቀንሳልና።

ተከላና ጥገና

ፍሎሮፖሊመሮች በማያቋርጥ ጭነት ሥር ቀስ በቀስ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። በፍላንጅ ላይ የተጫነው የገበር ከንፈር በጊዜ ሂደት ስለሚሳሳ ብሎኖቹ ይላላሉ። በመሆኑም ብሎኖች በአምራቹ በተወሰነው ልክ ከታሰሩና መስመሩ የመጀመሪያውን የሙቀት ዑደት ከጨረሰ በኋላ፣ ቀዝቅዞና ግፊቱ ወጥቶ ዳግም ሊጠበቁ ይገባል። ገበር ባለው ቧንቧ ብረት ላይ ብየዳ ፈጽሞ አይካሄድም፤ ሙቀቱ ገበሩን ከማጥፋቱም በላይ መርዛማ ጋዞችን ያመነጫል። ፖሊመሮቹ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉም ተቀጣጣይ ፈሳሽ በፍጥነት ሲፈስ የሚከማቸው ስታቲክ ኤሌክትሪክ የእሳት ብልጭታ ሊፈጥር ወይም ገበሩን ሊበሳ ይችላል፤ ለዚህ አገልግሎት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ገበር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስት ንጽጽራዊ ምሳሌዎች

የመጀመሪያው በተለመደው የአየር ሙቀት ያለ 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። አሲዱ በቀስታ ከፈሰሰ በካርቦን ብረት ላይ የብረት ሰልፌት ንጣፍ ተፈጥሮ ብረቱን ስለሚጠብቀው ተራ ብረት ሊበቃ ይችላል። ፍሰቱ ሲፈጥን ንጣፉ ይታጠባል፤ ውኃ ገብቶ አሲዱ ሲቀጥንም ብረቱ በፍጥነት ይበላል። ገበር አስፈላጊ የሚሆነው እነዚህ ሁኔታዎች ሊከሰቱ በሚችሉበት መስመር ነው።

ሁለተኛው ሙቅ 30 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ስቴንለስ ስቲል ይህን አሲድ አይቋቋምም፤ ፒቪዲኤፍ እና ፒኤፍኤ ግን ሁለቱም ይቋቋሙታል። እዚህ ላይ ምርጫውን የሚወስኑት ስርገትና የጽዳቱ ፈሳሽ ናቸው።

ሦስተኛው 80 ዲግሪ የሞቀ 30 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ፒቪዲኤፍ ከምርጫው ይወጣል፤ ያልተገበረ የካርቦን ብረትም በዚህ ሙቀት ለስንጥቅ ይጋለጣል። ፒቲኤፍኢ ገበር አስተማማኝ ቢሆንም ዋጋው እጅግ ዝቅ ያለው የፖሊፕሮፒሊን ገበርም ሥራውን ሊወጣ ይችላል። ውድ የሆነው ዕቃ ሁልጊዜ ትክክለኛው መልስ አለመሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

ማጠቃለያ

የፍሎሮፖሊመር ቧንቧ ምርጫ ከአንድ ሠንጠረዥ የሚነበብ መልስ ሳይሆን የተከታታይ ጥያቄዎች ውጤት ነው። በመጀመሪያ ፍሎሮፖሊመር በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ቀጥሎ የጽዳቱን ፈሳሽ ጨምሮ በመስመሩ የሚያልፈው ሁሉ ምን እንደሆነ፣ ከዚያም ስርገት፣ ሙቀትና ቫኪዩም በተወሰነው የገበር ውፍረትና የቧንቧ ስፋት ምን እንደሚያስከትሉ መመርመር አለበት። ገዢው ድርጅት ገበር ላላቸው የብረት ቧንቧዎች የወጣውን ኤኤስቲኤም ኤፍ1545 ደረጃ በግዥ ሰነዱ ላይ ቢጠቅስ የሚቀርብለትን ዕቃ ጥራት ለመመዘን የጋራ መለኪያ ያገኛል። ይሁንና ደረጃው ዕቃውን እንጂ ምርጫውን አይመዝንም፤ ትክክለኛውን የአገልግሎት ሁኔታ ሙሉ በሙሉ የመግለጹ ኃላፊነት ምንጊዜም የተጠቃሚው መሐንዲስ ነው።