ጎንደር ለምትሄድ ልጄ

ልጄ፣ ከሰፈር ጓደኞችህ ጋር ጎንደርን ለማየት እንዳሰብህ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው፤ ጎልማሳ ሆኜ ያረጀሁት ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ፣ ልደታ። ከሰፈራችን ጎንደር ደርሰው የሚመለሱ ወጣቶችን «ምን አያችሁ?» ስላቸው አብዛኞቹ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ዓይነት ፎቶ ያሳዩኛል፤ የፋሲልን ግንብ ከኋላ አድርገው የተነሡትን። ለዚያ ፎቶ ብቻ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ማቋረጥ ያሳዝነኛል። ጎንደር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የመንግሥት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። ጊዜ ሰጥተህ፣ በእግርህ ዞረህ ካላየሃት አልሄድህባትም።

1. አስቀድመህ ቀኑን ቁረጥ። ለጥምቀት መሄድ ከፈለግህ አልከለክልህም፤ እንደ ጎንደር ጥምቀት ያለ በዓል የለም። ግን ጥር 10 ገብቶ ጥር 12 የሚወጣ ሰው በዓሉን እንጂ ከተማዋን አያይም። ያን ሰሞን አልጋ ይወደዳል፣ መንገዱ በሕዝብ ይሞላል፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆም ብሎ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ጥር 7 ወይም 8 ድረስ፤ ግንቦቹን ቀድመህ ጨርስና ከከተራ ጀምሮ ራስህን ለበዓሉ ስጥ። አልጋህን በኅዳር ያዝ። እኔን ብትጠይቀኝ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ። ክረምቱ አልፎ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሰውም ተረጋግቶ ያነጋግርሃል።

2. የመንገዱን ነገር ቀለል አድርገህ አትያዘው። በእኛ ጊዜ ሰው ከአውቶቡስ ተራ ሌሊት ተነሥቶ፣ በጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በደጀን ሽቅብ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ አድሮ ነበር ጎንደር የሚገባው። ያ መንገድ ራሱ ትምህርት ነበር። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ስንት ሰው መንገድ ላይ እንደተቸገረ ታውቃለህ። ከመነሣትህ በፊት ጎንደር ለሚኖር ሰው ደውለህ «ዛሬ እንዴት ነው?» በል፤ ከሁለት ሰው ጠይቅ እንጂ አንድ ሰው ባለው አትሂድ። ገንዘቡ ከተገኘ በአውሮፕላን ሂድ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው፤ የምታርፈው አዘዞ በኩል፣ በአፄ ቴዎድሮስ ስም በተሰየመው ማረፊያ ነው። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን የሚነሣው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ እንደነበር ጓደኞችህ ላያውቁ ይችላሉ፤ ንገራቸው። መንገዱ አያስተማምንም ከተባልህ ጉዞውን አስተላልፍ። ግንቡ የትም አይሄድም።

3. ከሦስት ሌሊት ያነሰ አትያዝ። ማረፊያህን ፒያሳ አካባቢ አድርግ፤ ከዚያ ግቢው በእግር ነው። ከተማዋ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነውና ጥር ላይ ማታ ማታ ይበርዳል፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዝ። ጫማህ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ ከተማው አቀበትና ቁልቁለት፣ የግንቡ ደረጃም ሰው በረገጠው ቁጥር የለሰለሰ ድንጋይ ነው።

4. ፋሲል ግቢን በነገሥታቱ ተራ እይ። ምክሬ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ገብቶ ትልቁን ግንብ ያያል፣ ሌላውን «ፍርስራሽ» ብሎ ያልፈዋል። ግቢው ግን በአንድ ሰው የተሠራ አንድ ቤት አይደለም። 900 ሜትር በሚያህል ቅጥር ውስጥ አባት የጀመረውን ልጅ፣ ልጅ የተወውን የልጅ ልጅ እያከለበት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የተሠራ የቤተ መንግሥት መንደር ነው። ዩኔስኮም በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ግቢውን በሙሉ ነው እንጂ አንዱን ግንብ ብቻ አይደለም።

ከዓለም ሰገድ ፋሲል ጀምር። አባቱ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብሎ አገሩ በደም ከተነከረ በኋላ፣ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። ፋሲል የተዋሕዶን ሃይማኖት መለሰ፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን ኢየሱሳውያንን አስወጣ፤ ጎንደርንም በ1628 ዓ.ም. ቆረቆረ። ከእሱ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ፣ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ነው የኖሩት። ስለዚህ ያ ግንብ ሲሠራ የተለወጠው የቤት አሠራር ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥቱ አኗኗር ተለወጠ። ፊት ለፊቱ ቆመህ ማዕዘኖቹን ተመልከት፤ በአራቱም ላይ ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉ። ድንጋዩ ቡናማ፣ ማያያዣው ኖራ ነው። ከምድር ቤቱ በሮች በላይ የዳዊትን ኮከብ ፈልግ። ንጉሡ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ሕዝቡን ያነጋግር ነበር ይባላል። ሰማዩ በጠራበት ቀን ከላይኛው ማማ ጣና ይታያል።

ከዚያ ወደ ልጁ ወደ ጻድቁ ዮሐንስ ተሻገር። የእሱ ሥራ ትልቅ ግንብ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት ነው። ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከግቢው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ንጉሥ ለመጽሐፍ ብሎ ለብቻው ቤት ያሠራበት ግቢ ነውና።

ቀጥሎ አድያም ሰገድ ኢያሱ። የእሱ ግንብ በዘመኑ ከሁሉም ያጌጠ ነበር፤ በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋት፣ በወርቅ ቅብ። ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ደርሶ የቤተ መንግሥቱን ክብር ጽፎ አቆይቷል። ዛሬ ጣራው የለም። በ1704 እ.ኤ.አ. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣሊያን ግቢውን የጦር ሠፈር አድርጎት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበድቡት ተጎዳ። ከውስጡ ቆመህ ቀና ብትል ሰማይ ነው የምታየው። እዚያው ግቢ ውስጥ ወሸባውን አሳየኝ በል፤ የእንፋሎት መታጠቢያ ነው፣ ለቆዳ ሕመም መፈወሻ ብሎ ያሠራው ኢያሱ ነው ይባላል።

ከኢያሱ በኋላ የዳዊት ሳልሳዊ የዘፈን ቤት፣ የበካፋ የግብር አዳራሽና የፈረስ ቤት፣ በመጨረሻም የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ አለ። የአንበሶቹንም ቤት ታያለህ፤ ልጅ ሳለሁ ከዚያ ውስጥ የሚሰማው ግሣት ማታ ማታ እስከ ቤታችን ይደርስ ነበር።

ስትወጣ በገባህበት በር አትውጣ ብዬ ልመክርህ ነበር፤ ግን ብዙዎቹ በሮች ዝግ ናቸው። ቢሆንም ዞረህ ቅጥሩን እይ፣ የበሮቹንም ስም ጠይቅ። ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር፣ እምቢልተኞች የሚገቡበት እምቢልታ በር፣ የፈረሰኛው አለቃ ባልደራስ በር፣ የሙታን መታሰቢያ የሚወጣበት ተዝካሮ በር። ማን በየት በኩል ንጉሥ ፊት እንደሚቀርብ በሮቹ ይነግሩሃል። ፊት በር አካባቢ ያለው ጃንተከል ዋርካ ጥላ ሥር ደግሞ ትንሽ ተቀመጥ።

5. አስጎብኚ ያዝ። ፈቃድ ያላቸውን ከበሩ ላይ ታገኛለህ፤ ዋጋውን አስቀድመህ ተስማማ፣ ሲጨርስም አትከራከረው። ቲኬትህን እንዳትጥል፤ ኋላ ፋሲል መዋኛ ስትሄድ ትጠየቃለህ።

6. ፋሲል መዋኛንና ቁስቋምን በአንድ ቀን አጣምር። መዋኛው ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ይቆይና ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል። ደርቆ ሳለ ብታየው አይክፋህ፤ ያኔ ነው የዋርካው ሥር ቅጥሩን እንዴት እንደተጠመጠመበት የሚታየው። ድንጋዩን ሥሩ ያፍርሰው ወይም አቅፎ ያቁመው፣ አሁን ሁለቱን መለየት አይቻልም። አጠገቡ ያለው ክብ ቤት የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው ይላሉ። ለጥምቀት ከሄድህ በዋዜማው ታቦታቱ ሲወርዱ ከአንዱ ታቦት ጋር አብረህ በእግርህ ሂድ፤ ሌሊቱን እዚያው እደር፤ ጠዋት ውኃው ሲባረክ ቦታ ትይዛለህ። በ11 ቸኩለህ አትመለስ፤ የሚካኤል ታቦት ወደ ደብሩ የሚገባው በ12 በቃና ዘገሊላ ነው።

ከመዋኛው ወደ ቁስቋም ውጣ። ምንትዋብ ባሏ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ልጇን ዳግማዊ ኢያሱን አንግሣ አገር ስትመራ፣ ለራሷ ከከተማው ወጣ ብላ በተራራው ጥግ ቤተ መንግሥትና ደብር አሠራች። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲመጣ ያስጠጋችው እዚያ ነው። የሱዳን ድርቡሽ ስላቃጠለው የቀረው ግድግዳው ነው፤ ግን በግድግዳው ላይ ቀላ ባለ ድንጋይ የተቀረጹትን መስቀሎች ቀርበህ እያቸው። ጎብኚ እምብዛም አይደርስበትም። አንዲት ሴት በዚያ ዘመን ያን ሁሉ ስትሠራ ምን ዓይነት ሰው ብትሆን ነው ብለህ እዚያ ቁጭ ብለህ እንድታስብ እፈልጋለሁ።

7. ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጠዋት ሂድ። ንጹሕ ልብስ ልበስ፣ ጫማህን በር ላይ አውልቅ፣ ሴቶቹ ጓደኞችህ ነጠላ ይያዙ። ቅዳሴ ከሆነ አስቀድስ እንጂ አትጎብኝ። በካሜራ ብልጭታ ፎቶ አታንሣ፤ ቀለሙን የሚጨርሰው እሱ ነው። አድያም ሰገድ ኢያሱ የመሠረተው ደብር ነው። ድርቡሽ በ1888 እ.ኤ.አ. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህ ተረፈ፤ የንብ መንጋ ወጥቶ መለሳቸው እየተባለ ያደግሁበት ታሪክ ነው። ውስጥ ስትገባ ጣራውን እይ፤ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ወደ ታች ያዩሃል። ሁሉም አንድ ናቸው ብለህ አትለፍ። አንድ በአንድ ስታያቸው ዓይናቸውን ያዞሩበት አቅጣጫ ይለያያል። ከውጭ ደግሞ ቅጥሩ ላይ ያሉትን አሥራ ሁለቱን ማማዎች ቁጠር፤ በሐዋርያት ምሳሌ ነው።

ማሕሌት የምትወድ ከሆነ በአታ ሂድ። የአቋቋም ምስክር የሚሰጥባት ደብር ናት። እዚያ የምትሰማው ከበሮና ጸናጽል ከግንቡ ያላነሰ ቅርስ ነው፤ እንዲያውም ግንቡ ሲፈርስ እሱ አልፈረሰም።

8. ፒያሳን ዝም ብለህ ዙራት። ጣሊያን የሠራቸው ቤቶች ናቸው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር ለመጨረሻ ጊዜ እጁን የሰጠው ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ማታ አዝማሪ ቤት ገብተህ ማሲንቆ ስማ፤ ስምህን አንሥቶ ሲያወድስህ ባዶ እጅህን አትሁን።

9. ብዙ አታደራርብ። ሰሜን ተራራን ከዚህ ጉዞ ጋር አትደምር፤ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ በመኪና ከባሕር ዳር የምትመጣ ከሆነ ግን እንፍራንዝ አካባቢ ጉዛራ ላይ ውረድ። ኮረብታው ላይ ያለው ግንብ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው፤ ፋሲል ከመንገሡ በፊት የተሠራ። እሱን አይተህ ጎንደር ስትገባ ግንብ መሥራት በፋሲል እንዳልጀመረ ዓይንህ ይመሰክራል።

10. ግድግዳ ላይ ስምህን አትጻፍ፤ ድንጋይ ነቅለህም ለማስታወሻ አትያዝ፤ የሚያደርግም ካየህ ዝም አትበል። በቅርብ ዓመታት ግቢው ብዙ ተጠግኗል፤ ለመጠገን ዓመታት የሚፈጀውን በሚስማር ለመጫር አንድ ደቂቃ ይበቃል።

11. የመጨረሻው ይኸው ነው። በሰፈራችን ጎንደሬ ነኝ እያለ፣ ስለ ፋሲል ግንብ ለልጆቹ እያወራ፣ አንድ ቀን እንኳ ግቢውን ረግጦ የማያውቅ ስንት አዛውንት አለ መሰለህ። እናትህም ሆነች አያትህ እንደዚያ ከሆኑ ጠይቃቸውና ይዘሃቸው ሂድ። ለጥምቀት ግፊያ አይሆኑምና ጥቅምት ላይ አድርገው፤ ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ያዝ፣ ወደ ማማው ለመውጣት አታስጨንቃቸው፣ ከሰዓት በኋላ አሳርፋቸው። ከጓደኞችህ ጋር መሄድ በየዓመቱ ይቻላል፤ ከእነሱ ጋር ግን አይቻልም። ዛሬ ማታ ጠይቃቸው።